የአባዬ መኪና ማገላበጫ

ጥር 4፣ ሰኞ

ጡረታ ከወጣሁ አራት ወር ሞላኝ። ዛሬም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ታጠብኩ፣ ገዋኔን ለበስኩ። የት ልሄድ? ባለቤቴ ሳቀችብኝ። «ኦዲተር፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትቆጥር ነው?» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች። ሠላሳ አንድ ዓመት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ቢቆጥር ምን ይገርማል? ሰፈሩ በሙሉ ኦዲተር ነው የሚለኝ። ይበሉ።

ጓሮ ወጣሁ። የአባዬ መኪና እንደተሸፈነች ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደተሸፈነች። ግን የሸራው ገመድ… ቋጠሮው የኔ አይደለም። እኔ ሁለቴ ነው የምቋጥረው። ይሄ አንዴ ብቻ ነው የተቋጠረው። ማን ነካው? እማዬን ጠየቅኳት። «ንፋስ ይሆናላ» አለች። ንፋስ ይፈታል እንበል። መልሶ ይቋጥራል እንዴ?

ፈትቼ ሁለቴ ቋጠርኩት።

ጥር 6፣ ረቡዕ

ነገሩ ገባኝ። ቁርስ ላይ እማዬ ጉሮሮዋን ጠራረገች። እሷ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ነገር አለ ማለት ነው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ።»

«ምን?»

«መኪናዋን ለወንድምህ ስጠው። አንተ ቤቱ አለህ። እሱ ከአባቱ አንዲት መርፌ እንኳ አልደረሰችውም።»

ዳቦውን አስቀመጥኩ። ለግራኙ! መኪናዋን ለሰበራት ሰው!

እዚህ ደብተር ላይ ጽፌው አላውቅም፤ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ታናሽ ወንድሜ በያጅ ነው። በግራ እጁ ስለሚሠራ ግራኙ እንለዋለን። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የአባዬን መኪና ሆድ ዕቃ እሱ ነው የበየደው። ሁለት ወር አልቆየም፣ የፊት ግራ ጎማ የሚታሰርበት ብረት ተገንጥሎ ወጣ። አባዬ ከግንብ ጋር ተላተመ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሥራ ፈታ። ልብስ ሰፊ ነው አባዬ። ማሽኑን በእግሩ ነበር የሚነዳው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ቁልፍ እንኳ ሳይተክል ስድስት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሞተ።

ሆስፒታል፣ አልጋው አጠገብ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «አባታችንን ያሰናከልከው አንተ ነህ!» አልኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም። አልመለስኩትምም። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ ሕመሙ ጠንቶበት። ግራኙስ? አንድ ቃል አልመለሰም። አንድ! ንጹሕ ሰው ዝም ይላል? ወጥቶ ሄደ። ለቀብር መጥቶ ከኋላ ቆመ፤ ሰላም አላልኩትም።

ለእማዬ እንዲህ አልኳት፦ «ጥፋቱ የሱ አለመሆኑን በዓይኔ ካየሁ መኪናዋንም እሰጠዋለሁ፣ እግሩም ላይ እወድቃለሁ። የሱ ከሆነ ግን ስሙን በዚህ ቤት እንዳትጠሪ።»

«እሺ» አለች። ቶሎ ነው እሺ ያለችው። ለምን?

ጥር 9፣ ቅዳሜ

ጎረቤታችን ባትላሜራው ጋ ሄድኩ። የመኪና ቦዲ ሲቀጠቅጥ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ጆሮው ስለማይሰማ ይጮሃል፣ ሰፈሩም አብሮ ይሰማል። ምስጢር ለሱ አይነገርም፤ ስለዚህ መኪናዋን ላድሳት ነው ብቻ አልኩት።

«ጋሽ ኦዲተር፣ ሆዷን ካላየህ እድሳት አይባልም! ላዩን ብትቀባው ዝገት ከታች ይበላታል!»

«አንገቴ ታሟል። ከሥር መተኛት አልችልም።»

«ማን ተኛ አለህ? ማገላበጫ ሥራላት!»

በኖራ መሬት ላይ ሣለልኝ። አንድ ማቆሚያ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። መሃላቸው ቦዲው በሁለት ጫፉ ተይዞ ይንጠለጠላል። ከዚያ እንደ ዶሮ ጥብስ እያዞሩ ሆዱን ወደ ጎን፣ ሲያሻም ወደ ላይ። በፈለጉት ቦታ ፒን ሰክቶ ማቆም።

ልቤ ዘለለ። ቆሞ ማየት! እማዬ በሰባ ስምንት ዓመቷ መኪና ሥር ልትገባ አትችልም። በዚህ ግን ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። የግራኙን ብየዳ እኔ ከሺ መሃል ለይቼ አውቀዋለሁ፤ መስመሩ ወደ ግራ ያጋድላል። ሆዷ የተቀባውን ሬንጅ እፍቃለሁ፣ የተበጠሰው ቦታ ላይ ያ መስመር ይገኛል፣ አለቀ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

«ብቻ ጥሩ በያጅ ፈልግ» አለ ባትላሜራው።

ብየዳ አላምንም። በቡሎን ነው የምሠራው። ቡሎን ይቆጠራል፣ ይጠብቃል፣ ይፈታል። ብየዳ ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል?

ጥር 14፣ ሐሙስ

የማገላበጫው ብረት፣ ቱቦላሬው መጣ፣ በልኩ ተቆርጦ። ቡሎን ስልሳ አራት፣ ዳዶ ስልሳ አራት ብዬ ነበር ያዘዝኩት። ቆጠርኩ። ቡሎን ስልሳ ሦስት! ሁለቴ ቆጠርኩ። ስልሳ ሦስት።

ያመጣውን ሰውዬ ደወልኩለት። ማለ። ባትላሜራው ጠዋት መጥቶ ሲነካካ ነበር… እሱንም ሄጄ ጠየቅኩት፣ ተቆጣ። ባለቤቴ «ሌባ እናት ልጇን አታምንም» ብላ ተረተችብኝ። እኔ ምን ሰርቄ አውቃለሁ?

ማታ ገዋኔን ሳወልቅ ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ቡሎኗ። ለናሙና ብዬ ራሴ የከተትኳት። አባዬ የሰፋው ኪስ ነው፤ ገዋኑ ተቀዶ ተቀዶ ሊያልቅ ነው፣ ኪሱ ግን ፍንክች አላለም። ማዕዘኑን ሁለቴ አጥፎ ነው የሚሰፋው፣ ከውስጡ ዕቃ አይጠፋም።

ባትላሜራውን ነገ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ወይም ዝም እላለሁ።

ጥር 15፣ ዓርብ

ሳሎን ስገባ እማዬ ስልኩን ዘጋች። «ማን ነው?» «የተሳሳተ ሰው ነው።» ሃያ ደቂቃ ከተሳሳተ ሰው ጋር?

ጥር 20፣ ረቡዕ

መኪናዋን ገፈፍናት። ሞተሩ፣ በሮቹ፣ መስታወቱ፣ ወንበሮቹ፣ ጎማዎቹ። ባትላሜራው ሁለት ሰው ይዞ መጣ። እያንዳንዱን ዕቃ ቁጥር ሰጥቼ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ፣ ፈርሜ። «ማን ይፈርምልሃል ተረካቢ?» ይለኛል ባትላሜራው። ራሴ ነኝ፤ አስረካቢም ተረካቢም።

የአባዬ ወንበር ሥር የስፌት ሜትሩን አገኘሁት። ተጠቅልሎ። ትንሽ ተቀመጥኩ።

ማታ ባለቤቴ እንደ ዘበት «ወንድምህን መንገድ ላይ አገኘሁት» አለችኝ። እንደ ዘበት! «ምን አለ?» «ላይዋን አሳምረው ይቀቧት፣ ሆዷን ግን ይተዉት አለ።»

ይኸው! ይኸው እንግዲህ! ሆዷን ይተዉት። ምን አለ ሆዷ ውስጥ? ማገላበጫ ልሠራ መሆኔንስ ማን ነገረው? ባለቤቴ ናት? እማዬ ናት? በገዛ ቤቴ ሰላይ ተቀመጠብኝ።

የጓሮውን በር ጓጉንቸር ቀየርኩ። ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ አንገቴ ላይ ነው፣ አንዱ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ካልሲ ሥር።

ጥር 27፣ ረቡዕ

ቆመ! ስልሳ አራቱም ቡሎን ገብቷል። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ። ዳር ቆሜ አየሁት። እኔ ነኝ የሠራሁት? ዕቃ ስሰጥና ስቀበል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ዕቃ ሠርቼ አላውቅም። አባዬ ቢያየው ኖሮ… እሱ ሁሉን ነገር በእጄ ልሞክር ባይ ነበር። የቧንቧውንም፣ የጣራውንም። «ባለሙያ እስኪመጣ ቤት ይፈርሳል» ነበር የሚለው።

ከዚያ ባትላሜራው መጥቶ በአንድ እጁ ገፋ አደረገው። ተወዛወዘ።

«ጋሽ ኦዲተር፣ ይሄ ሰው ይገድላል!»

«ጠበቅ አደርገዋለሁ።»

«ብታጠብቀው ባታጠብቀው ያው ነው! መኪናዋ ሲጫንበት ቀዳዳው ይላላል! በያጅ አምጣ፣ ማዕዘኑን ይያዘው! ወንድምህ እኮ…»

«ወንድም የለኝም» አልኩት። መጮሄን ያወቅኩት እሱ ሲሰማኝ ነው። መዶሻውን አንስቶ ወጣ።

እሱም ከግራኙ ጋር ይገናኛል ማለት ነው? ሁሉም ያውቃል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ጡረታ ቢሮ ተገትሬ ዋልኩ። «ፋይልዎ የለም።» «አለ።» «የለም።» ፋይል የሚጠፋው አስቀማጩ ሲሰንፍ ነው፣ እኔን ሊያስተምሩኝ!

ደክሞኝ ገባሁ። ጓሮ ዞር ብዬ ማገላበጫውን እንደ ልማዴ ገፋ አደረግኩት። አልነቃነቅ አለኝ። እንደገና ገፋሁ። ግንብ ሆኗል። ጎንበስ ስል… በየማዕዘኑ ሰያፍ ብረት ገብቶበታል። ተበይዷል። ብየዳው ገና ይሸታል። መስመሩ ወደ ግራ ያጋደለ።

ደሜ ፈላ። ጓጉንቸሩ አልተሰበረም። ካልሲዎቹን አነሳሁ፣ ቁልፉ አለ፤ ግን እኔ ጥርሱን ወደ ግድግዳ ነበር ያስቀመጥኩት።

«እማዬ! ማነው እዚህ ቤት የገባው?»

«ልጄ ነው የገባው» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «እኔ ነኝ ያስገባሁት። ጎረቤታችን ነግሮት ነው። ለነገሩ ሊያፈርስብህ አልመጣም። ‹ወንድሜን ብረቱ ሲጫነው ቁጭ ብዬ ልይ?› ነው ያለኝ። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ነው ሠርቶ የሄደው።»

«መኪናዋን ነክቷል?»

«አልነካትም። ቆሜ አላየሁም መሰለህ?»

ቆማ አይታለች። ሁሌ ቆማ ብታይስ? ዞር ስትልስ? መዶሻ አምጥቼ ብየዳውን አንድ በአንድ ቀጠቀጥኩት። አሥራ ስድስት ቦታ። ስንጥቅ ፈለግኩ፣ የተዘለለ ቦታ ፈለግኩ። የለም። ጥሩ ነው። ጥሩ መሆኑ ነው ያንጨረጨረኝ። እንዲህ የሚሠራ ሰው የአባዬን ለምን አበላሸው? ቸኩሎ ነው? ንቆት ነው?

ግራይንደሩን አንስቼ ልቆርጠው ነበር። ሰክቼውም ነበር። ነቀልኩት።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ቦዲውን ሰቀልነው። ባትላሜራውን ለምኜ ነው የመጣው፣ ሁለቱን ሰዎች ይዞ። (ይቅርታም ጠየቅኩት። ስለ ቡሎኗም ጭምር። «የትኛዋ ቡሎን?» አለኝ።) በክሪክ ከፍ፣ በእንጨት ደገፍ፣ እንደገና ከፍ… ሁለት ሰዓት ፈጀ። መጨረሻ ላይ እንጨቶቹን አወጣን። ማገላበጫው እህ እንኳ አላለም። ብየዳው ይዞታል። አውቃለሁ፣ ብየዳው ነው የያዘው። እዚህ ደብተር ላይ አልዋሽም።

ፒኑን ስነቅለው ግን ጉድ ፈላ። ቦዲው በራሱ ተገለበጠ! ጠርዙ ጆሮዬን ጠራርጎ አለፈ። ሁላችንም ወደ ኋላ ዘለልን። ባትላሜራው «የሚዞርበት ቦታ ዝቅ ብሏል! ክብደቱ ከላይ ሆኖ ነው የሚጥልህ! ከፍ አድርገው!» እያለ ጮኸ። ቦዲውን የሚይዘው ሳህን ብረት ላይ ሰባት ቀዳዳ በስቻለሁ፣ አንዱ ላይ አንዱ። በሁለተኛው ሞከርን፣ ጣለ። በሦስተኛው፣ ጣለ። በአምስተኛው ቆመ። በአንድ ጣት ገፋሁት፣ ዞረ፤ ስተወው እዚያው ቀረ። ባትላሜራው ግንባሬን ሳመኝ።

ሆዷን ግን አላየሁም። ሬንጁ ሸፍኖታል፤ ነገ እማዬ ባለችበት ነው የሚፋቀው። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው በፊት ጎማዎቹ ቦታ፣ በቀኝም በግራም፣ ወረቀት ለጥፌ ፈረምኩበት፣ ቀንም ጻፍኩበት። ንብረት ክፍል መጋዘን እንደምናሽገው። ባለቤቴ አየችና «መኪናዋን ታሸጋለህ?» አለች። እንግዲህ ሳቂ።

የካቲት 8፣ እሑድ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት። እማዬን ወንበር አውጥቼ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳት። ባለቤቴ አጠገቧ ቆመች። ባትላሜራው እሳቱንና ስፓቱላውን ይዞ መጣ። ማሸጊያዎቹን አየሁ፣ አልተነኩም። ፒኑን ነቀልኩና አዞርኳት። ቀስ ብላ ሆዷን ሰጠችን። ባለቤቴ አጨበጨበች። እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

በቀኝ ጀመርን። ሬንጁን እያሞቁ መፋቅ። የግራኙ መስመር ወጣ፣ ወደ ግራ ያጋደለ፣ ወጥ የሆነ። አልተሰነጠቀም። ባትላሜራው በጣቱ ዳሰሰና «እጁ ይባረክ!» አለ። «የተገነጠለው ግራው ነው» አልኩት።

ግራው አንድ ሰዓት ፈጀ። የተቀደደው ብረት አፉን ከፍቶ ቀርቷል፣ ጫፉ ላይ አንድ ቁራጭ ላሜራ ተንጠልጥሏል። መጣፊያ ነው። እያፀዳን ስንሄድ የግራኙን መስመር ፈለግኩ። መስመር የለም። ነጥብ ነጥብ ብቻ ነው፣ በእኩል እኩል የተራራቀ። ጠርዙ ደግሞ በዙሪያው ወደ ውስጥ ታጥፏል።

ባትላሜራው ሥራውን አቆመ። «ይሄ የማን ሥራ ነው?» አለ። «እኛ እኮ የዛገውን ቆርጠን እንጥላለን! አዲሱን ከጤነኛው ብረት ጋር አፍ ለአፍ ነው የምንገጥመው! ይሄኛው ዝገቱን እንዳለ ትቶ ላዩ ላይ ደረበበት። ደግሞ ጠርዙን ማጠፉ! ብረት ይተረተራል ብሎ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። የሳቀለት የለም።

«ሆን ብሎ ነው» አልኩ እኔ። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ይጻፍ። «እጁ እንዳይታወቅበት ሆን ብሎ ነው እንዲህ የበየደው።»

እማዬ ከወንበሯ ተነሳች። ማንም ሳይደግፋት መጣች። ጣቷን መጣፊያው ላይ አድርጋ ጠርዙን ይዛ ሄደች፣ ሄደች፣ ማዕዘኑ ላይ ቆመች። ማዕዘኑ ሁለቴ ታጥፏል፣ በትንሽ ሦስት ማዕዘን። በሌላ እጇ የገዋኔን ኪስ ያዘች። ማዕዘኑን ገልበጥ አደረገችው። ያችው ትንሽ ሦስት ማዕዘን።

«ሁለቴ ካልታጠፈ ይቀደዳል ይል ነበር» አለች።

ባትላሜራው ስፓቱላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። የስፌት ሜትሩ… ወንበሩ ሥር ያገኘሁት ሜትር። መኪናዋን ለካት። ለክቶ፣ ቀዶ፣ አጥፎ፣ ጣፋት። አባዬ።

«አታውቂም ነበር?» አልኳት እማዬን።

«በየት በኩል ልወቅ? ሸፍኗት፣ አትንኳት አለ። አልነካናትም።» ተመልሳ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ከሷ ላይ ዞራ ነበር፣ ወንበሯን ማንም አላንቀሳቀሰላትም።

የካቲት 9፣ ሰኞ

ገዋኑን አልለበስኩም።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ግራኙ የሚሠራበት ቦታ በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ዘጠኝ ዓመት በሌላ መንገድ ስዞር የኖርኩት ይሄንን ሸሽቼ ነው። የብረት በር እየበየደ ነበር። ጥላዬን አይቶ አቆመ፣ የዓይን መከላከያውን ግን አላወለቀም።

«ጋሼ» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚጠራኝ ጠፍቶ የነበረ ስም።

«ገለበጥኳት» አልኩት።

«አውቃለሁ። እማዬ ነገረችኝ።»

ከዚያ በትንሽ በትንሹ ነገረኝ። ቀኙን ለአባዬ ጨርሶለት ነበር። ግራው ላይ ያለው ዝገት ሰፊ ነው፣ ሐሙስ ወፍራም ላሜራ አምጥቼ ቆርጬ እሠራዋለሁ አለው። የብየዳ ማሽኑን ጓሮአችን ትቶ ሄደ። አባዬ ሐሙስን አልጠበቀም። ረቡዕ በገዛ እጁ ሠራው፣ ሬንጅ ቀባበት፣ ሐሙስ ልጁ ሲመጣ «ሌላ ሰው ጨርሶልኛል» አለው። ግራኙ ያወቀው መኪናዋን ከግንቡ ሥር ሲያስነሳ ነው። ማጠፊያዋን አይቶ።

«ታዲያ ስሰድብህ ለምን ዝም አልክ?»

አሁን መከላከያውን አወለቀ። ጸጉሩ ሸብቷል። ታናሼ ሸብቷል!

«አባዬ እያየኝ ነበራ። አንተ ስትጮህብኝ ዓይን ለዓይን ነበር የምንተያየው። እሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሱ ካልተናገረ እኔ ምን ብዬ ልናገር? እግሩንም አጥቶ፣ ልጁም አጋልጦት?» እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ሲሞት ደግሞ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ አልኩ። ሆድ ይፍጀው። አንተ ጡረታ ስትወጣ ፈራሁ፤ እጅህ ሥራ ሲፈታ ወደ መኪናዋ ነው የምትሄደው። በጥር መጥቼ ሸራውን ገልጬ ነበር፣ ቀስ ብዬ ቆርጬ ላወጣው። አልሆነልኝም።»

ቋጠሮው! አንዱ ቋጠሮ።

ፊቱን ያዞረው ከሕመም መስሎኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት። አባዬን አሁን ባገኘው ምን እለዋለሁ? ተናድጄበታለሁ። አንጀቴንም ይበላኛል። እስከ ዕለተ ሞቱ ወንበሩ ላይ ሆኖ እኔን ባየ ቁጥር ያችን ሸራ ያያል፣ ወንድሜን ስረግም ይሰማኛል፣ ውሃ ስጠኝ ይለኛል። ውሃ ብቻ።

እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በክንዴ ያዘኝ። «ተው ጋሼ፣ ብረት አለ እዚህ፣ ይቆርጥሃል።»

«ይቅር በለኝ።»

«ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው» አለ። «አንተን በፎቶ ነው የምታውቅህ። ይቅር ብያለሁ ብልህ ዋሸሁ። ትንሽ ቆይ።»

የጓሮውን ቁልፍ ከአንገቴ አውጥቼ ብረቱ ላይ አስቀመጥኩለት። አላነሳውም። አልመለሰልኝምም።

የካቲት 15፣ እሑድ

አልመጣም።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

አልመጣም። ባትላሜራው «እኔ ቆርጬ ልሥራልህ» አለ። እምቢ አልኩት። ለምን እንደሆነ ሲገባው ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ። በጆሮው እንጂ በልቡ ደንቆሮ አይደለም።

ቀኑን በጥርጣሬ ነው የዋልኩት። ስለ ሌላ ሰው ግን አይደለም። ስንቱን ሰው ጠርጥሬ ይሆን? ንብረት ክፍል አንድ ገመድ ጠፋ ብዬ ያስባረርኩት ዘበኛ ነበር። ገመዱ በኋላ ተገኘ እንዴ? አላስታውስም። ማስታወስ ፈልጌ ነበር?

እማዬ ምንም አትለኝም። ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አንተም እንደ አባትህ ሰው እስኪመጣ አትታገስም። ታገስ።»

መጋቢት 4፣ ዓርብ

ጡረታ ቢሮ ነበርኩ። ፋይሉ ተገኘ፤ በአባቴ ስም ፊደል ነው የተቀመጠው። ስመለስ ከመንገዱ ጀምሮ ይሸተኝ ጀመር፣ የብየዳ ሽታ። እሮጣለሁ እንዴ በዚህ ዕድሜዬ? ሮጥኩ።

የጓሮው በር ተከፍቷል። ጓጉንቸሩ ተከፍቶ፣ ቁልፉ እንደተሰካበት ተንጠልጥሏል። ሰው የለም። መኪናዋ በጎኗ ተገላብጣ ቆማለች፣ ፒኑ ገብቷል። ግራው ላይ ዝገቱ ተቆርጦ ወጥቷል፣ አዲስ ወፍራም ላሜራ አፍ ለአፍ ገጥሟል። መስመሩ ወደ ግራ ያጋደለ። እጄን አስጠጋሁ፣ ገና ይሞቃል።

የአባዬ መጣፊያ ጠረጴዛው ላይ ነው። አልጣለውም። ሬንጁን አጥቦ፣ ዘይት ነክቶ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀምጦታል። አጠገቡ የሕፃን እጅ ያረፈበት የሬንጅ አሻራ አለ፣ አምስት ትንንሽ ጣት። ልጅቷን ይዟት መጥቶ ነበር።

እማዬ በመስኮት «ሻይ ጠጥተው ሄዱ» አለችኝ። ሌላ አልጠየቅኳትም።

የመሣሪያ ሰሌዳውን አየሁ፤ ልማድ ነው። አሥራ ሰባት ቁጥር መፍቻ ቦታው ላይ የለም። ጓሮውን ዞርኩ፣ ጠረጴዛው ሥር አየሁ። የለም። ግራኙ ወስዶታል።

እንግዲህ ሊመልሰው ይመጣል።